የምትተነፍሰው መኪና

ክዳን ማለት በአፍ ላይ ተቀምጦ ውስጥ ያለውን እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለውንም እንዳይገባ የሚከለክል ነገር ነው። ይህን ካላደረገ ጌጥ ነው።

መሪጌታ ይህን ያሉት ለሠርጉ ሳምንት ለቀረው ለአስናቀው ነው። አስናቀው፣ «የኔታ፣ ለእጮኛዬ ያልነገርኳት ነገር አለ። ማንም አያውቅም፤ ዘግቼዋለሁ። ታዲያ ቤቱ ጸጥ ሲል ለምን ይሰማኛል? በምን ላጥፋው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

መሪጌታ በታሪክ መለሱለት። አንድ ሰው ነበረ፤ መኪናውን የሚያሳድረው ከማድ ቤቱ ጋር በተያያዘ መጠለያ ውስጥ ነበር። አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ ከመጠለያው ድምፅ ሰማ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። መኪናዋ ግን ትተነፍሳለች። ቀጭን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ያዝ አድርጋ ቆየች፣ ለቀቀችው። በማግስቱም እንዲሁ። ሚስቱ ጸበል ረጨችባት። መኪናዋ እርጥብ ሆና ተነፈሰች።

መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ የመኪና መመርመሪያ ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰካና የቤንዚን ታንኩን መተንፈሻ እንድትዘጋ አዘዛት። ከኋላ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ አየር ሳበች፤ ስካነሩ ስክሪን ላይ የታንኩን የውስጥ ግፊት የሚያሳየው ቁጥር ወረደ። ታንኩ በደንብ ቢዘጋ ኖሮ እዚያው መቆየት ነበረበት። ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል እያየው ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ፤ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው።

መካኒኩ ድምፁ ደህና መሆኑን ነገረው፤ እንዲህ ያለች መኪና ቆማ ስታርፍ ራሷን ትፈትሻለች። የታመመው የታንኩ ክዳን ነው፤ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ተሰንጥቆ የቤንዚኑ ትነት ይወጣል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ያለውን መሬት በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ጠብ ያላለ ነገር ፈሰሰ አይባልም ብሎ ደመደመ።

«እኔ የመጣሁት ለድምፁ ነው» አለ።

«ድምፁማ ጠያቂ ነው፣ ጋሼ። ጠያቂውን አባረው መልሱን ቤትዎ ሊያሳድሩት ነው?»

ድምፅ የሚያጠፋ ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። አንዱ የምትተነፍስበትን ፓምፕ ሽቦ ቆረጠለት፤ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራውንም የማስጠንቀቂያ መብራት ነቀለለት።

ያን ምሽት ቤቱ ጸጥ አለ። ከእንግዲህ ወጥተው የሚያደምጡት ድምፅ ስለሌለ የመጠለያውን የውጭ በር ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ከማድ ቤቱ በኩል አንድ ሽታ ይመጣ ጀመር፤ ለመዱት። የለመዱት ሽታ አይሸትም።

መሪጌታ ወደ አስናቀው ዞሩ። «መኪናዋ ልብህ ናት። ጸጥ ሲል የምትሰማው ጠላት እንዳይመስልህ፤ ራሱን የሚፈትሽ ልብ ነው። ዘጋሁት ያልከው አልተዘጋም፤ ጠብ ስለማይል ነው ያላየኸው። ድምፁን ተወውና ስንጥቁን ጠግን። መጠገኛው ደግሞ ለልጅቱ መንገር ነው።»

አስናቀው፣ «ሰውየውስ ምን ሆነ?» አለ።

«ሚስቱ ማድ ቤት ገብታ ክብሪት ጫረች» አሉ መሪጌታ።