«አላውቅም» የሚለው ማሽን

አንድ የጭነት ድርጅት፣ ደንበኛ ደውሎ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ሲል መዝገቡን በዚያው ቅጽበት አይቶ የሚመልስ ማሽን አስገባ። የማሽኑን መመሪያ እንድታዘጋጅ የታዘዘችው ሠራተኛም፣ «መረጃው ካልተገኘ ‹አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ› ይበል» ብላ ጻፈች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርበው ይህን ሲያነቡ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አስነሷትና፣ «ይሄን አሁኑኑ ሰርዢ፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ! እኔ እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ስቀመጥ፣ አንድም ቀን ‹አላውቅም› የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም!» አሉ።

ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ደርበው፤ ማሽኑ የመጣው ደንበኛ ሊያስተናግድ መስሎኝ ነው። ለእርስዎ ወንበር እንደታሰበ አላውቅም ነበር» አለቻቸው።