አንዲት ኩላብ ያጣው መጽሐፍ

ተረት ልንገራችሁ? «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረት ያለው በረት ውስጥ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቁጭ በሉና ስሙኝ፣ እኔም ሳልቆጣ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የጥንት መጻሕፍት በሚጠበቁበት ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ የብራና መጽሐፍ ነበር። ባለቤቶቹ የሩቅ ገጠር ደብር ሰዎች ናቸው። «ሌላ የለንም፤ ጠግናችሁ መልሱልን፣ አደራ!» ብለው ሰጡት። የብራና መጽሐፍ እንደምታውቁት በቆዳ ማኅደሩ ተከቶ፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ በተመታ ኩላብ ይሰቀላል፤ አባቶቻችን ከአይጥና ከእርጥበት ያተረፉት እንዲያ ነው። እዚህስ ምን ተደረገ? ክፍሉ ቀለም ሲቀባ «አያምርም» ተብሎ ኩላቡ ሁሉ ተነቀለ! መጽሐፉንም መደርደሪያ እስኪመጣ ብለው መሬት ላይ አጋደሙት። ኧረ የሰው ያለህ!

መጻሕፍት መጠገን ሥራዋ የሆነው ስንቅነሽ አንድ ጠዋት መርፌና ጅማቷን ይዛ ስትገባ መጽሐፉ ያቃስታል። «ልጄ፣ አይጧ ጠርዜን ጀመረችኝ። ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጥህ እንዳትይኝ፣ ጠረጴዛም ትወጣለች። አንዲት ኩላብ ብቻ ፈልጊልኝ» አላት።

ስንቅነሽ ወደ ግድግዳው ሄደች። «ግድግዳ፣ ግድግዳ፣ ኩላብ ያዝልኝ። መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አልይዝም!» አለ ግድግዳው። «በስብሻለሁ፤ ብትመቺኝ እፈርሳለሁ። የሚያፈስብኝን ጣራ ተናገሪው።»

«ጣራ፣ ጣራ፣ ማፍሰስህን ተው። ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አልተውም!» አለ ጣራው። «አሸንዳው ውሃዬን አልቀበል ካለ ወዴት ላድርገው? ልጠጣው?»

«አሸንዳ፣ አሸንዳ፣ ውሃ ተቀበል። ጣራው ማፍሰሴን አልተውም አለ፣ ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አልቀበልም!» አለ አሸንዳው። «ጥዱ ቅጠሉን እያራገፈ ጉሮሮዬን ወትፎት? እሱን አትናገሪም?»

«ጥድ፣ ጥድ፣ ቅርንጫፍህን ሰብስብ። አሸንዳው ውሃ አልቀበልም አለ፣ ጣራው ማፍሰሴን አልተውም አለ፣ ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አልሰበስብም!» አለ ጥዱ። «ያደገ ቅርንጫፍ ይሰበሰባል እንዴ? መጋዙ ይቁረጠው እንጂ!» መቼም እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

መጋዙ ያለው ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነው። ስንቅነሽ በበሩ ስንጥቅ ጮኸች። «መጋዝ፣ መጋዝ፣ ቅርንጫፉን ቁረጥ። ጥዱ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፣ አሸንዳው ውሃ አልቀበልም አለ፣ ጣራው ማፍሰሴን አልተውም አለ፣ ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አልቆርጥም!» አለ መጋዙ። «ተቆልፎብኝ በምን እግሬ ልምጣ? ቁልፉ ያለው ጋሼ ገብረየስ ዘንድ ነው።»

የግምጃ ቤት ጠባቂው ጋሼ ገብረየስ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ጋሼ፣ ጋሼ፣ መጋዙን ያውጡልኝ። መጋዙ ቅርንጫፍ አልቆርጥም አለ፣ ጥዱ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፣ አሸንዳው ውሃ አልቀበልም አለ፣ ጣራው ማፍሰሴን አልተውም አለ፣ ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«አላወጣም እህቴ!» አሉ። «ኃላፊው ሳያዙ? በኋላ ጣጣው ለኔ ነው።» ጥርሳቸውን መጎርጎራቸውን ቀጠሉ።

ወደ ኃላፊው፣ ወደ አቶ ልሳነወርቅ፣ እየሮጠች ገባች። «አቶ ልሳነወርቅ፣ እባክዎ ይዘዙልኝ። ጋሼ ገብረየስ መጋዙን አላወጣም አሉ፣ መጋዙ ቅርንጫፍ አልቆርጥም አለ፣ ጥዱ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፣ አሸንዳው ውሃ አልቀበልም አለ፣ ጣራው ማፍሰሴን አልተውም አለ፣ ግድግዳው ኩላብ አልይዝም አለ፣ መጽሐፉ መሬት ላይ ቀረ!»

«ስንቅነሽ፣ ተረጋጊ። ለመሆኑ መጽሐፉ ተበልቷል?»

«ገና ጠርዙን ነው።»

«እንግዲያው ጉዳት አልደረሰም ማለት ነዋ! ሲበላ ነይ።»

ሲበላ ነይ! ሰማችሁልኝ? ቤት ተቃጥሎ ካላለቀ ውሃ አይጠየቅም በሉኛ! የሰው አደራ ተቀብሎ እንዲህ ይባላል? እኔ ብሆን እዚያው እጮህ ነበር።

ስንቅነሽ ስትመለስ አይጧ ከመጽሐፉ አንዱን የብራና ቅጠል እስከ ፊደሉ ጨርሳዋለች። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና መጽሐፉን ታቅፋ ወደ ኃላፊው ቢሮ ተመለሰች። አቶ ልሳነወርቅ ስብሰባ ገብተዋል። ደረቁ ግድግዳቸው ላይ ግን ምን ብታይ ጥሩ ነው? ኩላብ! ኩላቡም ላይ የኃላፊው ካፖርት። ካፖርቱን አወረደች፣ መጽሐፉን ሰቀለች፣ ካፖርቱን ወስዳ መጽሐፉ በነበረበት መሬት ላይ አጋደመችው። እጇ ይባረክ!

ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ «ካፖርቴስ?» አሉ።

«በመጽሐፉ ቦታ ነው ያለው፣ አቶ ልሳነወርቅ። አያስቡ፣ ሲበላ እነግርዎታለሁ።»

ሮጠው ደረሱ። ኮሌታው በስብሷል፣ እጅጌውን አይጧ ይዛዋለች። ያኔ ሰማይ ተደፋ! ኃላፊው ጋሼ ገብረየስ ላይ ጮኹ፣ ጋሼ ገብረየስ መጋዙን አወጡ፣ መጋዙ ቅርንጫፉን ቆረጠ፣ ጥዱ አሸንዳውን ለቀቀ፣ አሸንዳው ውሃውን ተቀበለ፣ ጣራው ማፍሰሱን ተወ፣ ግድግዳው ደርቆ ኩላቡን ጥብቅ አድርጎ ያዘ፣ መጽሐፉም ተሰቀለ!

የአንድ አገር አደራ ያላስነሳቸውን ሰውዬ አንድ ካፖርት አስነሳቸው። ካፖርቱስ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ እጅጌው ተጣፈለት። የተበላችውን ቅጠል ግን ማን ይጥፋት? ስንቅነሽ በቦታዋ ባዶ ብራና ሰፍታ መጽሐፉን ለባለቤቶቹ መለሰች። የደብሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያነቡ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦው ይቅር፤ እናንተ ዘንድ መሬት ላይ የተጋደመ መጽሐፍ ካለ እሱን አንሱልኝ።