ሮጦ ያልደረሰው ተከላካይ

አንድ አሰልጣኝ ሲሸነፍ የኖረ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ተረከበ። ተጫዋቾቹን ሰብስቦም አዲስ አጨዋወት አስተማራቸው። "ከእንግዲህ ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ መሸሽ የለም። አጥቂያችን ኳስ የያዘውን ሰው እዚያው ይጫነዋል፣ አማካዮች መውጫውን ይዘጋሉ፣ ተከላካዮች እስከ መሀል ሜዳ ይወጣሉ። ባላጋራችን ቀና ብሎ ማየት ካልቻለ ኳሷ የኛ ናት" አላቸው።

የመጨረሻው ተከላካይ ይርጋ የሚባል ጭምት ሰው ነበር። "ኮች፣ እኔ መሀል ሜዳ ከወጣሁ ከኋላዬ የሚቀረው ባዶ ሜዳ እኮ ሰፊ ነው" አለ።

"ከፊት ያሉት እስከሮጡ ድረስ ኳስ እዚያ አይደርስም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?"

እውነትም ሁሉም ሲሮጥ ቡድኑ ያሸንፍ ጀመር፤ ከተማውም በደስታ አበደ። ከሁሉ በላይ የተወደደው ግን ግብ የሚያስቆጥረው አጥቂ ካሌብ ነበር። ምግብ ቤቶች በነጻ አበሉት፣ እናቶች ልጆቻቸውን በስሙ ጠሩ። ይርጋን ያስታወሰ አልነበረም። ለመሆኑ ምንም እንዳይፈጠር ላደረገ ሰው ማን አጨብጭቦ ያውቃል?

ካሌብ እየቆየ ሩጫውን ተወ። ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መቆም አመጣ። ይርጋ ይህን አይቶ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙን ለብቻው አነጋገረው።

"ኮች፣ ወይ ካሌብ ይሩጥ፣ ወይ እኔ ወደ ኋላ ልመለስ። እሱ ቆሞ እኔ መሀል ሜዳ ከወጣሁ አንድ ቀን ጉድ እንሆናለን።"

"ካሌብን ብናገረው ከተማው በቁሜ ይበላኛል" አለ አሰልጣኙ። "አንተ ዝም ብለህ ቦታህን ያዝ።"

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ደረሰ። አቻ ቢወጡ እንኳ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጉ ነበር። ጨዋታው በአቻ ውጤት ሊያበቃ ሲል ካሌብ ኳስ ተነጠቀና እንደ ልማዱ ቆመ። የነጠቀው ተከላካይ የሚጫነው አጣ፤ ቀና አለ፣ ተረጋግቶ አየ፣ ረጅም ኳስም ከይርጋ ጀርባ ጣለ። ይርጋ ዞሮ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ሮጠ። አልደረሰም። ግብ ሆነ።

ደጋፊው ያየው ከግብ አስቆጣሪው ኋላ ሲያለከልክ የነበረውን ይርጋን ብቻ ነው። "ሸጠን!" ብሎ ጮኸ። የይርጋ ቤት መስኮት በድንጋይ ተሰበረ፣ ሚስቱ ገበያ መሀል ተሰደበች።

ይርጋ አሰልጣኙን "እውነቱን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን። አንድ ቃል ይናገሩልኝ" ብሎ ለመነው።

አሰልጣኙ ደጋፊው ፊት ወጣና "ተከላካያችን ተሳስቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ታሪኩን ባወራሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ይርጋ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከተማውን ለቀቀ፤ የሸኘው ሰው አልነበረም።

በአዲሱ ዓመት አሰልጣኙ የይርጋን ቦታ ማን እንደሚይዝ ጠየቀ። እኔ ልያዝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። በግድ የተመደበው ልጅ ደግሞ "ወደ መሀል ውጣ!" ቢባል ቢባል ከግቡ አፍ ንቅንቅ አልል አለ። ሌሎቹ ተከላካዮችም እሱ ጋ ቀሩ፣ አማካዮችም ተከተሏቸው። አሰልጣኙ ከሜዳው ዳር ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። ቡድኑም እንደ ድሮው መሸነፉን ቀጠለ።

ወዳጄ፣ ሰው ጀርባውን ባዶ ትቶ ወደ ፊት የሚሮጠው ጓደኞቹን ስለሚያምን ነው። ያ እምነት አንዴ ከሞተ የትኛውም ብልሃት አያስነሳውም። በቤትም ይሁን በሥራ ቦታ መጨረሻ ላይ የሚታየው ጥፋት ብዙ ጊዜ ፊት ላይ የተጀመረ ነው። ሮጦ ያልደረሰውን ሰው ከመውገራችን በፊት፣ ቆሞ ያየው ማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?