ኮብልስቶኑን ሁሉ የቆለፈው ካሜራ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሰው ደም ሲመረምር ይውላል። ጠዋት በሳይክል ይሄዳል፣ ማታ በሳይክል ይመለሳል። ሳይክሉ አሮጌ ነው። የግራ ፍሬኑ እጀታ ተጣሟል፣ ደወሉ አይጮኽም፣ የኋላ መጫኛው በሽቦ ታስሯል። የሰውየውም የግራ እጅ አንጓ ከሳይክሉ አይሻልም። ተሰብሮ ተጠግኗል፤ ብርድ ሲነካው ግን ይጠዘጥዘዋል። እጀታውም አንጓውም የተጎዱት በአንድ ቀን ነው።

ያ ቀን እንዲህ ነበር። ከሰፈሩ ወጥቶ የኮብልስቶኑን መንገድ ሲጨርስ አስፋልቱ ላይ የሚወጣበት አንድ ጥግ አለ። በዚያ ጥግ ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ ጎሚስታ ኮምፕረሰራቸውን አቁመው ጎማ ይለጥፋሉ፣ ጎማ ይነፋሉ። ሰውየው እዚያ ሲደርስ አንድ ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ታጠፈበትና ከነሳይክሉ ጣለው። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። የባጃጁ ሹፌር «እሱ ነው የገባብኝ» አለ። ሰውየው የተሰበረ እጁን በጤነኛው ደግፎ ወደ ጋሽ ዳንጊሶ ዞረ። ጥቂት እርምጃ ቢርቁት ነው። ባጃጁ ሲታጠፍ አይተዋል፤ ሲያዩም እሱ አይቷቸዋል።

«እርስዎ እዚሁ ነበሩ እኮ፣ ጋሽ ዳንጊሶ። ይንገሩልኝ።»

ጋሽ ዳንጊሶ ጎማው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ «እኔ ጎማ እየነፋሁ ነበር፤ አላየሁም» አሉ።

አላየሁም። አጭር ቃል ናት፤ አይደል? ከመካከላችሁ ይቺ ቃል የተባለችበት ሰው አለ? ካለ ይህን ሰው ያውቀዋል። አጥንት በጀሶ ይያዛል። ይቺ ቃል ግን በምን ትያዛለች?

ከዚያ ወዲያ ሰውየው በዚያ ጥግ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን ያዞር ጀመር። ጎማው ቢተነፍስ እንኳ ሳይክሉን እየገፋ ሁለት ሰፈር ተሻግሮ ነው የሚያስነፋው። ሰላምታ የለም። እጁ ሲድን አንድ ነገር ወሰነ፤ ሁለተኛ የሰው ምስክር አልለምንም፣ ካሜራ እገዛለሁ አለ።

ሙዘይን ወደሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ሱቅ ሄደ። ሙዘይን ሦስት ካሜራ አወጣለት። አንደኛው ውሃ የማያስገባ፣ ስፖርተኞች ጭንቅላታቸው ላይ የሚያስሩት ነው፤ ዋጋውን ሲሰማ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ሁለተኛው ያገለገለ ነው። ሦስተኛው ለመኪና የተሠራ፣ ትንሽ፣ ርካሽ፣ በጎማ ማሰሪያ ሳይክል መሪ ላይ የሚታሰር ነው።

ሰውየው ቸኩሎ የሚገዛ አይደለም። ሁለቱን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ታክሲ ታርጋ በፀሐይ ቀረጸ፤ ጥላ ውስጥ ያለውንም ቀረጸ፤ ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነ አየ። መሪውን እየነቀነቀ ሌላ ቀረጸ። ስለ ባትሪው ጠየቀ። ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ወጣ።

ሙዘይን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያየው ቆየና፣ «ወንድሜ፣ ልትገዛት ነው ልታገባት?» አለው።

«አንድ ጊዜ ነው የምገዛው።»

«እሱማ ጋብቻም አንድ ጊዜ ነው። እሺ፣ ርካሿን ውሰድ፤ ለአንተ ትበቃለች። አሠራሯን ልንገርህ። ሚሞሪው ሲሞላ የድሮውን እየደመሰሰች በላዩ ትቀርጻለች፤ ስለዚህ ቦታ አያልቅባትም። ነገር ግን ከተመታች ወይም ከተንገጫገጨች አደጋ ደረሰ ብላ ያንን ቅጂ ለብቻ ትቆልፈዋለች። የተቆለፈ አይደመሰስም፤ አንተ ራስህ ካልከፈትከው በቀር።»

«ምን ያህል ስትመታ ነው የምትቆልፈው?»

«ሦስት ደረጃ አላት። ዝቅተኛው ላይ ተዋት። መንገዳችንን ታውቀዋለህ።»

«ከፍተኛው ላይ አድርግልኝ» አለ ሰውየው። «ምንም ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።»

ሙዘይን ትከሻውን ነቅንቆ እንደተባለው አደረገ።

ወገኖቼ፣ ሰውየው ያለውን ልብ በሉልኝ። ምንም ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ካሜራውን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛል። ራቱ ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ወይንሸት መጀመሪያ ሰሞን አጠገቡ ቁጭ ብላ ታይለት ነበር። በኋላ ከወጥ ቤት ሆና መጠየቅ ጀመረች።

«ዛሬስ ማን በደለህ?»

«አንዱ ባጃጅ ክርኔን ሊነካኝ ምንም አልቀረው። አንዷ ደግሞ የመኪና በር ፊቴ ላይ ከፈተች።»

«መንገድ የለቀቀልህ ሰውስ አልነበረም?»

«ይኖራል። እሱን ግን አይቆልፍም።»

ወይንሸት ሳቀች። ደስ ብሏት ግን አልነበረም። «እንግዲህ የሚቆልፈው ሲያልቅ ና፤ ራት ቀርቧል» አለችው።

ሰነባብቶ ማየቱም ታከተው። ካሜራውን ከመሪው ላይ አይፈታውም፣ ቻርጅ ያደርገዋል፣ ጠዋት ይከፍተዋል፤ ውስጡን ግን አያይም። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል እየቀረጸ ነው ብሎ ያምናል። መንገዱ ያው ነው፤ ኮብልስቶን፣ ፍጥነት መቀነሻ፣ ከዚያ አስፋልቱ፣ ከዚያ ፊቱን የሚያዞርበት ጥግ። ሰውየው ደክሞት ነበር። ድካሙ የመንገዱ ብቻ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ኮብልስቶኑን ጨርሶ አስፋልቱ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ባጃጅ ሊቀድም የተጣደፈ ፒክአፕ ከአስፋልቱ ወጣ። የቀኝ ጎማዎቹ አፈሩ ላይ ወረዱ። የጋሽ ዳንጊሶን ኮምፕረሰር ገጭቶ እየጎተተ አስፋልቱ ላይ ጣለው። እሳቸው ዘለው ዳኑ፤ ጉልበታቸው ተላጠ። ሰውየው ይህን ሁሉ በሁለት ዐይኑ አየ። ፊቱን ገና አላዞረም ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን መጣች። የፒክአፑ ሹፌር ረጋ ብሎ፣ «ኮምፕረሰሩ አስፋልት ላይ ነው የነበረው። ይኸው፣ አሁንም አስፋልት ላይ ነው» አላት።

እውነትም ኮምፕረሰሩ ተገልብጦ የተኛው አስፋልት ላይ ነው። ይህ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። መንገድ ላይ ዕቃ አስቀምጦ የሚሠራ ከቦታው ይነሣል። ጋሽ ዳንጊሶ ኮምፕረሰራቸው ብቻ ሳይሆን ጥጉም፣ የዕለት እንጀራቸውም ሊሄድባቸው ነው።

ሳጅኗ የተሰበሰበውን ሰው ዞራ ጠየቀች። አንዱ አሁን መድረሱ ነው። አንዱ ስልክ ላይ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ መሪያቸውን ያያሉ።

ያኔ ጋሽ ዳንጊሶ ሰውየውን አዩት። «ዶክተር» አሉ። እዚያ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ያ ካሜራህ ሲቀርጽ ነበር አይደል?»

ሰውየው ካሜራውን ፈታና ትንሿን ስክሪኑን እያየ ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰው። የዛሬው ጠዋት የለም። የትናንቱም የለም። ያለፈው ወር እንዳለ የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ ሚሞሪው ሞልቷል ይላል።

በምን ሞላ? ከፍቶ አየው። ኮብልስቶን። ኮብልስቶን። ፍጥነት መቀነሻ። ደግሞ ኮብልስቶን። እያንዳንዷን መንገጫገጭ አደጋ ናት ብሎ ቆልፏታል። የተቆለፈ ደግሞ አይደመሰስም። የሚደመሰስ ሲጠፋ ካሜራው መቅረጽ አቆመ። ቀይ መብራቱ ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ብልጭ ድርግም ይል ነበር።

«አልቀረጸም» አለ ሰውየው።

ይህ እውነት ነው። ውሸት አልተናገረም። ይህን ብሎ ሳይክሉ ላይ ቢወጣ ማን ይወቅሰዋል? ልቡም ይህንኑ አለው። አንተ ወድቀህ ስትለምን ጎማ እየነፋሁ ነበር አላሉህም? እንግዲህ ይቅመሷት። እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። መሪውን ሲጨብጥ አንጓው ጠዘጠዘው።

ጋሽ ዳንጊሶ አልለመኑትም። ለሳጅኗ፣ «ተዪው፣ ይሂድ። ሥራ ይረፍድበታል» አሏት። ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ያኔ አይቼ ነበር። ባጃጆቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ ፈራሁ» አሉት።

ሰውየው እግሩን ከፔዳሉ አወረደ።

«ሳጅን» አለ፣ «ካሜራው አላየም። እኔ ግን አይቻለሁ።»

ያየውን በቅደም ተከተል ነገራት። ፒክአፑ ባጃጁን ሊቀድም በየት እንደወጣ፣ የትኛው ጎማ መጀመሪያ አፈር እንደነካ፣ ኮምፕረሰሩ ቆሞ የነበረው የት እንደሆነ።

ሹፌሩ አቋረጠው። «ደንበኛቸው ነው፤ ሊያግዛቸው ነው።»

«እኔ? እጄ ከተሰበረ ወዲህ እኒህን ሰው ሰላም ብዬ አላውቅም። ጠይቂያቸው።»

ጋሽ ዳንጊሶ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ። «ጎማው ተንፍሶ እየገፋ ሲያልፈኝ ነው የከረመው።» ከሰዉ መካከል አንዱን ሳቅ አመለጠው።

«ሌላም አለ» አለ ሰውየው። «ሰዎቹ ፈቀቅ ይበሉልን። የጎማው መስመር እግራቸው ሥር ነው።»

አላየንም ያሉት ሁሉ ወደ ታች አዩ።

እስቲ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ቁሙ።

ስትገቡ አይቻችኋለሁ፤ ደክሟችኋል። ሥራው ነው፣ ኑሮው ነው ትላላችሁ። እሱም አለ። ግን ልጠይቃችሁ፤ የልባችሁ ካሜራ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የተደረገው? አማታችሁ ያለፈው ዓመት የተናገሩትን ቆልፋችኋል? አለቃችሁ ሰላም ሳይላችሁ ያለፈውንስ? በሠርጉ ያልጠራችሁን ጎረቤት? ስንቱ አደጋ ነበር፣ ስንቱስ የመንገድ መንገጫገጭ?

መንገዱ አይንገጫገጭም አላልኳችሁም። የሰውየውም አንጓ መሰበሩ እውነት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሁሉን የቆለፈ ልብ ሌላ ነገር የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ትዘምራላችሁ፣ አሜን ትላላችሁ፣ መብራቱ ብልጭ ይላል። ከውስጥ ግን ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የቆመው? ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው መንገድ ለቆላችሁ ይሆናል። አይታችሁታል?

ደግሞ ስሙኝ። የሞላ ልብ ሰበብ አይሆንም። እግዚአብሔር ሚሞሪያችሁን አውጡ አይላችሁም። ምን አያችሁ ነው የሚላችሁ። የበደላችሁ ሰው ወድቆ ዐይን ዐይናችሁን ሲያይ፣ እውነት የሆነች አንዲት ቃል ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። አልቀረጸም ማለት ትችላላችሁ። እግራችሁን ከፔዳሉ የምታወርዱ ግን እነማን ናችሁ?

ቤታችሁ ስትገቡ ክፈቱት። ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ የቆለፋችሁትን አንድ በአንድ እዩት። የአንጓ ስብራት የሆነውን ወደ እሱ አምጡት። ኮብልስቶን የሆነውን ደምስሱት። ሰውየውም በዚያ ማታ ያደረገው ይህንኑ ነው። ደረጃውን ዝቅ አደረገና ራቱን ሳይቀዘቅዝ በላ።

የጋሽ ዳንጊሶ ጥግስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሰዎቹ ፈቀቅ ሲሉ የጎማው መስመር አፈሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ኮምፕረሰሩ ለዓመታት ዘይት ሲያንጠባጥብ ያጠቆረውን ቦታ መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ሳጅኗ ሜትሯን አወጣች፤ ሰውየው አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያዘላት፣ እሷ ሌላውን እስከ ዘይቱ ዘረጋችው። አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ሆነ፤ ኮምፕረሰሩ የቆመው ከአስፋልቱ ውጭ ነበር፤ ጋሽ ዳንጊሶም ከጥጋቸው አልተነሡም።