የማይጮኸው ምሰሶ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንበሳ ለራሱና ለሁለቱ ደቦሎቹ ትልቅ አዳራሽ ሊያሠራ አሰበና አውሬውን ሁሉ ለሥራ ጠራ። ጦጣ ሣር አጨደች፤ ጃርት ጉድጓድ ማሰ፤ አህያ አራቱን ምሰሶዎች ከየጫካው እየተሸከመች አመጣች። ጅብ ደግሞ የሠራተኛውን ምሳ ጠበቀ፤ ምሳው ግን ሠራተኛው ሳይደርስበት አለቀ።

ቤቱ ተከደነ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ውኃ ጠጣ፤ ጣሪያውም ከበደ። የወይራው ምሰሶ ጎበጥ አለ። የጽዱ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይል ጀመር። የዋንዛው ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ሰመጠ። የባሕር ዛፉ ብቻ ቀጥ ብሎ፣ ጭጭ ብሎ ቆመ።

«ከእነዚህ የሚከዳኝ የትኛው ነው?» ብሎ አንበሳ ቀበሮን ጠየቀ።

ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ምሰሶዎቹን ዞራቸው፤ ጉሮሮውንም ጠራርጎ ፍርዱን ሰጠ። «ጌታዬ፣ ወይራው ሰነፍ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ዝናብ ጎበጠ። ጽዱ ነጭናጫ ነው። ዋንዛው ፈሪ ነው፤ መሬት ገብቶ ሊደበቅ ነው። ባሕር ዛፉ ግን ታማኝ አገልጋይዎ ነው፤ አንድም ቀን ከበደኝ አላለም። ሦስቱን ያስነሷቸው። ጎጆስ በአንድ ምሰሶ ይቆም የለም ወይ?»

ባሕር ዛፉን የመረጠው ራሱ መሆኑን ግን አልተናገረም። ሩቅ መሄድ ታክቶት ከገዛ ጉድጓዱ ደጃፍ፣ ከምስጥ ኩይሳው ጥግ ነበር ያስቆረጠው።

በዚህ ጊዜ አህያ ከኋላ ሆና ተናገረች። «ጌታዬ፣ አራቱንም የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። እንጨት ሲከብደው ጠባዩ አንድ አይደለም። የሚጎብጥ አለ፤ እንደ ጎበጠ ዓመት ይኖራል። የሚጮኽ አለ፤ ጩኸቱን የሰማ ድጋፍ ያቆምለታል። የሚሰምጥም አለ፤ ከሥሩ ድንጋይ ቢያደርጉለት ይበቃዋል። የሚያስፈራው አራተኛው ነው። ሳይጎብጥ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይሰምጥ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ይህ ባሕር ዛፍ ከሁሉ ይወፍራል፤ ጀርባዬ ላይ ግን እንደ ገለባ ቀለለኝ። ውስጡን ምስጥ ሳይበላው አልቀረም።»

«ደግሞ አህያ ስለ ምሰሶ ታስተምረን ጀመረች?» ብሎ ቀበሮ ሳቀ። ጅብም ነገሩ ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

አንበሳ ተቆጣ። «በአዲስ ቤቴ ታሟርቺብኛለሽ? እንግዲያው ስሚ። ሦስቱ ይነሣሉ። አደይ አበባ እስኪፈነዳ ባሕር ዛፉ ከቆመ አንቺ ለአያ ጅቦ ነሽ። ከወደቀ ምሬሻለሁ።»

አህያ ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል!

ጅብ ደስታውን አልቻለውም። ምሰሶው እንዳይወድቅበት ብሎ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀርባውን አስደግፎበት ተቀመጠ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፤ እሱ ንቅንቅ የለም። ከምሰሶው ነጭ ዱቄት ብን ብን እያለ ሲወርድበት እየላሰ፣ «የጌታ ቤት እኮ ምሰሶው ሳይቀር ዱቄት ያዘንባል!» ይል ነበር።

መስከረም ጠባ፤ ሜዳው ቢጫ ሆነ። ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ረፋድ ነበር። አንበሳ ደቦሎቹን አቅፎ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ፤ አውሬውም ፍርዱን ሊሰማ ገባ።

«ይኸው ቆሟል» አለ አንበሳ። «ምን ትያለሽ?»

አህያ የጅብን ጀርባ አየች። ዱቄቱ በዝቶ ጀርባው ወፍጮ ቤት የዋለ መስሏል። ዝም ብትል ምሰሶው ራሱ በሁሉም ላይ ይፈርድላት ነበር። እሷ ግን የደቦሎቹን ዓይን አየችና አንጀቷ አልቻለም።

«ጌታዬ፣ ቃልዎ ቃል ነው፤ አያ ጅቦ ይብላኝ» አለች። «ግን ውጭ ይብላኝ። ልጆችዎን ይዘው ይውጡ፤ እነሱ ምን አጠፉ?»

አንበሳ ትክ ብሎ አያት። ለነፍሷ የምትለምነው መስሎት ነበር፤ እሷ ግን የምትለምነው ለልጆቹ ነው። ቀበሮን ሊጠይቅ ዘወር ቢል ቀበሮ የለም፤ «ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ» ብሎ ቀድሞ ሹልክ ብሏል። ያን ጊዜ አንበሳ ነገሩ ገባው። ደቦሎቹን አንጠልጥሎ ወጣ፤ አውሬውም እየተጋፋ ተከተለው።

«አያ ጅቦ፣ አንተም ውጣ እንጂ!» አለች አህያ ከደጅ።

«አዬ ብልጧ! እኔ ስነሣ ሊወድቅልሽ? ሥጋዬን ሳልበላ ከዚህ አልነቃነቅም!»

ቀጭ! አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰማው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣው ጣሪያ እንዳለ ወረደ።

ጅብን ከሣሩ ሥር ቆፍረው አወጡት። አንበሳ ምሰሶውን አገላብጦ ቢያየው ውስጡ ባዶ ነበር። ወደ አህያ ዞረና፣ «ምሬሻለሁ ልል ነበር፤ ግን ይቅር ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ» አላት። የዚያኑ ዕለት ወይራውን፣ ጽዱንና ዋንዛውን ከተጣሉበት አስመጣ። ቀበሮ ግን እስከ ዛሬ ፀሐይ እየሞቀ ነው መሰል፣ በዚያ ደጅ ያየው የለም።

ጅብ «ወገቤን! ወገቤን!» እያለ ሲያለቅስ አህያ ራቅ ብላ ቆመችና፣ «ተመስገን በል፣ አያ ጅቦ፤ ጎበጥክ እንጂ ቀጭ አላልክም» አለችው። ጅብ ከኋላው ዝቅ ብሎ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው ከበደኝ ብሎ የሚያቃስተውን ከማባረር ይልቅ ሸክሙን ማቅለል እንደሚገባ፣ ምንም ሳይል የሚሸከመውን ደግሞ ውስጡን ሳናይ ልንደገፍበት እንደማይገባ ነው።