ከእናት ጉንጭ ላይ የጠፋችው ጠባሳ

አንድ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የታወቀ አዛውንት ነበር። ስሙ ላቀው ይባላል። በአንዲት የቆላ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቶ አርባ ዓመት ሲሠራ፣ ከእጁ አስቀያሚ ሆኖ የወጣ ሰው የለም ይባልለት ነበር። ምስጢሩ እርሳሱ ነበር። ፊልሙን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ እርሳስ ይዞ ፊልሙ ላይ ያጎነብሳል። የፈንጣጣውን ጉድጓድ ይደፍናል፣ የግንባሩን ሽብሽብ ያቃናል፣ የቃጠሎውን ጠባሳ ያጠፋል። ሰዎቹም ፎቷቸውን ሲያዩ ደስ ብሏቸው፣ መርቀውት ይሄዳሉ። እሱም ለሰው ደግ እንደሚሠራ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ላቀው ሲያረጅ የከተማው ሰዎች ሊያከብሩት ፈለጉ። ከድሮ ፊልሞቹ ስልሳ ያህሉን መርጦ በትልልቅ ወረቀት እንደገና አጠባቸውና በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ተሰቀሉ። ሰው ጎረፈ። አንድ ባለሱቅ የጎረምሳነት ፎቶው ፊት ቆሞ፣ «ይህ ሰውዬ ጉድ ሠርቶኛል እኮ! ሚስቴ ያገባችው ይህንን ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ መቼ ይመጣል እያለች ትጠብቀዋለች» ቢል፣ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚከማችበት ግን ከበሩ ትይዩ በተሰቀለው የአንዲት ሴት ፎቶ ዘንድ ነበር። ሴቲቱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ብርሃኑ ከመስኮት በኩል ገብቶ ፊቷ ላይ አርፏል። ፊቷ አንዲት እንከን የለበትም። ላቀውም ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንኑ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ የገጠር ሴት መጣች። እናንዬ ትባላለች። አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞረችው። ደግማ ዞረችው። የሴት ፎቶ ባለበት ሁሉ ቆም ትልና ቀኝ ጉንጩን ብቻ አይታ ታልፋለች። ያቺን ከበሩ ትይዩ ያለችውንም እንደ ሌሎቹ አይታ አለፈቻት። ሦስተኛ ዙሯን ስትጀምር ላቀው ጠጋ አላት።

«የጠፋብሽ ነገር አለ ልጄ?»

«እናቴን ነው የምፈልገው አባባ» አለችው። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችብኝ። ከመሞቷ በፊት እዚህ ከተማ ፎቶ ተነሥታ ነበር ይላሉ፤ ቤት ግን ምንም የለም። የድሮዎቹ ተሰቅለዋል ሲሉኝ ተሳፍሬ መጣሁ።»

«መልኳ እንዴት ያለ ነበር?»

«መልኳንማ ረሳሁት» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የማስታውሰው ቀኝ ጉንጯ ላይ የነበረውን የእሳት ጠባሳ ብቻ ነው። እሱን ይዤ ነው የምፈልጋት። እዚህ ግን ጠባሳ ያለው ሰው አንድም የለም።»

ላቀው ዞሮ ከበሩ ትይዩ ያለችውን ፎቶ አየ። ያቺ ሴት ትዝ አለችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከስታ፣ እያሳላት መጣችና፣ «ለልጄ የሚቀር ፎቶ ያንሡኝ፤ ጠባሳዬን ግን አደራ እንዳይነኩብኝ» አለችው። እሱም ስቆ፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እኔ አሳምርሻለሁ» አላት። በሳምንቱ መጥታ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያም መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ቆንጆ ናት። ባለቤቷ ስትመጣ ይስጧት» ብላ ወጣች። እሱ ቀልድ መስሎት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሊያስቅበት አውርቶታል።

አሁን «የለችም ልጄ» ቢላት ነገሩ ያበቃል። እሷም በመጣችበት መኪና ትመለሳለች፣ የእሱም ክብር እንዳለ ይቀራል። ከእሱ በቀር የሚያውቅ ማንም የለም።  እሱ ግን እጇን ይዞ ከበሩ ትይዩ ወዳለው ፎቶ ወሰዳት።

«ይህቺ ናት።»

እናንዬ ብዙ አየቻት። «ኧረ ይህቺስ እናቴ አይደለችም።»

«ናት ልጄ።»

«ጠባሳዋስ? ወዴት አደረሷት?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለ ላቀው፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። «አደራ ብላኝ ነበር። ላሳምራት ብዬ ነው።»

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ፎቶውን እንደገና ማየት ጀመረች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ፎቶ ቤቱ ወሰዳትና ፊልሙን ከሳጥን አወጣ። እርሳሱ የተቀባው በፊልሙ ላይ ነው፤ በጥጥና በአልኮል ቢጠረግ ሊለቅ ይችላል። የላቀው እጅ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል።

«ፊልሙ ይህ አንድ ብቻ ነው» አላት። «ቢጫርብኝ ይህቺ ቆንጆዋም ባለጠባሳዋም የሉም። ምን ይሻላል?»

«ይህቺንማ ምን አደርጋታለሁ? የማን እናት እንደሆነች አላውቅም» አለች እናንዬ። «ይጥረጉት። እኔ ክንድዎን እይዝልዎታለሁ።»

ክንዱን ደግፋ ያዘችለት። እሱም ትንፋሹን ውጦ፣ ጥጡን ትንሽ ትንሽ እያስነካ ጠረገው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብተው በቀይ አምፖል ብርሃን ምስሉን ከፊልሙ ወረቀት ላይ አሳርፎ ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ነከረው። መጀመሪያ ጸጉሯ ጠቆረ። ቀጥሎ ዓይኖቿ መጡ። ጉንጯ እንደ ነጣ ቆየ። ላቀው ጠባሳዋን አብሬ ጠረግኋት ብሎ ፈራ። ኋላ ግን ቀስ እያለች፣ እንደ ቅጠል ሰፍታ፣ ጠባሳዋ ጉንጯ ላይ ወጣች።

«እሜ!» አለች እናንዬ፣ በልጅነቷ እናቷን እንደምትጠራት።

ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ስተኛ ጣቴን እዚህ ላይ አሳርፍ ነበር» አለችው። 

እሷ ፎቶዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ አገሯ ሄደች። ላቀው ሌላ አጠበና በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የቀድሞዋን አውርዶ አዲሲቱን ሰቀለ። የአዳራሹ ጠባቂ ደንግጦ፣ «ጋሼ፣ እቺን የመሰለች ቆንጆ ማን ነካብን?» አለው።

«የነካኋትስ ያኔ ነው» አለ ላቀው። «አሁን ተውኳት።»

ወዳጆቼ፣ ላቀው ክፉ ሰው አልነበረም። ያጠፋው ደግ የሠራ መስሎት ነው። እኛም የምንወደውን ሰው ሳንጠይቀው እናስተካክለዋለን። የእናታችንን የገጠር አነጋገር በእንግዳ ፊት እናርማለን፤ የአባታችንን የድህነት ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር እንዘለዋለን፤ የሞተ ዘመዳችንን ስናነሳ ቁጣውን ትተን ደግነቱን ብቻ እናወራለን። ያንን ሰው ፈልጎ የሚመጣ ግን የሚይዘው ምልክት ያጣል። ሰው የሚታወቀው ፊቱ ስላማረ አይደለም፤ ኑሮ በጻፈበት ነው። ስለዚህ አደራ ሲሉን እንስማ። ያጠፋነውም ካለ፣ የሚጠይቅ ሰው መጥቶ የሚፈልገውን ሳያገኝ እንዳይመለስ፣ እኔ ነኝ ለማለት አንፈር።

እርስዎስ፣ ነገ ልጅዎ ፈልጎ ቢመጣ፣ በምን ምልክት ያውቅዎት ይሆን?