እመቤታችን በደጅ የቆሙትን ሁለት ሕፃናት እንዳስገባች

ይህ ዜና አምላክን በወለደች በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ስም የሚነገር ነውና፣ የቆማችሁ ታግሣችሁ፣ የተቀመጣችሁም ነቅታችሁ ስሙ፤ ያዘነ ይጽናና፣ ተስፋ የቆረጠ ተስፋውን ያድስ፣ ምላሱ የረዘመም ይሰብስብ፤ አሜን።

በሸዋ አገር በደብረ ብርሃን ከተማ ትርንጎ የምትባል፣ ስመ ክርስትናዋም ወለተ ሐና የሆነ፣ እመቤታችንን አብዝታ የምትወድ ሴት ነበረች። ማለዳ ተነሥታ የእመቤታችንን ምስጋና ሳታደርስ ውኃ እንኳ አትቀምስም ነበር፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀንም የማርያም ማኅበርተኞች ሲሰበሰቡ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ የነዳያንን እግር ታጥብ ነበር። ባሏ ወንድይፍራው ከበግ ጠጉር ምንጣፍ የሚሠራ፣ ሚስቱን የሚያከብር፣ ነገር ግን በቀብርም ላይ ቢሆን ቀልድ የማያመልጠው ሰው ነበረ። እነርሱም በተክሊል ተጋብተው ብዙ ዘመን ሲኖሩ ልጅ አልወለዱምና፣ ትርንጎ የሰውን ልጅ ሁሉ ክርስትና እያነሣች የሰፈሩን ሕፃናት እኩሌታ የክርስትና ልጆቿ አደረገቻቸው፤ በሰው ፊትም ትስቅና ቤቷ ገብታ ታለቅስ ነበር።

ከዕለታት በአንድ ቀን ወንድይፍራው «ጠበሉን ጠጣን፣ ስለቱንም ተሳልን፤ ሐኪምስ የእግዜር ፍጡር አይደለም እንዴ?» አላትና ተያይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያም ዶክተር ሙና የምትባል፣ ሃይማኖቷ እስላም የሆነ፣ እጇም አንደበቷም የለሰለሰ ሐኪም አገኙ። እርሷም «ከእርስዎ እንቁላል፣ ከባለቤትዎም ዘር ወስደን በላቦራቶሪ እናገናኛቸዋለን፤ ሽል ሲሆን ወደ ማኅፀንዎ እንመልሰዋለን» ስትል አስረዳቻት። ትርንጎም ፊቷ እየቀላ «የሌላ ሰው ዘር ይገባበታል? የተረፈውስ ይጣላል?» ብላ ጠየቀች፤ ዶክተሯም «የሁለታችሁ ብቻ ነው። የምታሳድጉትን ያህል እንሠራለን እንጂ የሚጣል አይኖርም» አለቻት።

እንደ ቃሏም ሆነና ሁለት ሽሎች ተገኙ፤ የትርንጎ ማኅፀን እስኪዘጋጅ ድረስም በብርድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ሆነ። ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ «ዶክተር፣ ስለ ብርዱስ አያስቡ፤ የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው፣ ለምደውታል» አለና ዶክተሯን አሳቃት። ከዚያም ለትርንጎ ማኅፀኗን የሚያዘጋጅ ኪኒን ሰጥታ፣ እንዳታቋርጥ አጥብቃ አስጠንቅቃ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ተመልሳ የምትመጣበትን ቀን ቆርጣ አሰናበተቻት፤ ባልና ሚስትም ደስ እያላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የሰው ልጅ ደስታውን ደብቆ መያዝ አይችልምና፣ ትርንጎ በማኅበሩ ቀን ነገሩን ለእኅቶቿ አጫወተቻቸው። ማኅበሩን የምትመራው ወይዘሮ አትጠገብ ግን ጾሟ የጠና፣ ስግደቷ የጠና፣ ምላሷም ከሁሉ ይልቅ የጠና ነበረችና፣ ጽዋውን ቁጭ አድርጋ «በብልቃጥ የተሠራ ልጅ ነፍሱ ከወዴት ይመጣለታል? ቄሱስ ማን ብለው ያጠምቁታል? እመቤቴን ማሳዘን ነው ይኼ!» አለች። ከሴቶቹም አንዲቱ ጣራውን፣ አንዲቱ ጉልበቷን አየች እንጂ የተናገረ አልነበረም፤ ትርንጎንም ከነገሩ ይልቅ ዝምታው ጎዳት።

ከዚያም በድንጋጤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወደቀችና «እመቤቴ ሆይ፣ ካሳዘንኩሽስ በስምሽ ማልሁ፤ ወደዚያ ሐኪም ቤት ዳግመኛ እግሬን አላነሣም» አለች፤ ኪኒኑንም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተወችው። ማታ ለባሏ ስትነግረው ወንድይፍራው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ፤ «ከመሐላሽ በፊት ብትጠይቂኝ ምን ነበረ? እነዚያ ሁለቱስ ማንን ይጠብቁ?» አላት።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ያደረገችው ገባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ብትሄድ በእመቤታችን ስም የማለችውን ልታፈርስ፣ ብትቀር ልጆቿን እንደ ወላጅ አልባ ልትተዋቸው ሆነ። ከመሐላ የሚፈታት የነፍስ አባቷ መምሬ ዘለቀ ደግሞ ከከተማው ርቆ ባለ ገዳም አስቀድመው የፍልሰታን ሱባኤ ገብተው፣ ጾሙ እስኪፈታ ሰው ላያዩ ደጃቸውን ዘግተው ነበር፤ የሐኪሟ ቀጠሮም ከዚያ በፊት ይደርስ ነበርና ትርንጎ እንባ እንጂ እህል አልቀመሰችም።

እመቤታችን ግን ወዳጇን አልረሳቻትም። የተገለጠችውም ለትርንጎ አይደለም፤ ለወይዘሮ አትጠገብ እንጂ። ወይዘሮ አትጠገብ ቅዳሴ አስቀድሳ ቤቷ ገብታ፣ ሽሮዋን ቀምሳ፣ በመደብ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እነሆም ብርሃን የለበሰች ንግሥት ሁለት ሕፃናት አቅፋ በአንዲት ጎጆ ደጅ ቆማ አየች፤ በሩም ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። እመቤታችንም «አትጠገብ ሆይ፣ ጽዋዬን እያነሣሽ እንግዶቼን ስለ ምን ከደጅ ታስቀሪያለሽ?» አለቻት። እርሷም «እመቤቴ፣ የማን ልጆች ናቸው?» ብትላት «የትርንጎና የወንድይፍራው ናቸው፤ ነፍስን ግን በማኅፀንም ቢሆን በብልቃጥም ቢሆን ከልጄ በቀር የሚሰጥ የለም። እናቴን ሐናንም መካን ብለው የሰደቧት እንዳንቺ ያሉ ጿሚዎች ነበሩ። እኔ ያቀፍኋቸውን አንቺ አትጸየፊ፤ በሩን ክፈቺ!» አለቻት። ወይዘሮ አትጠገብም መቀርቀሪያውን ልትስብ ብትይዘው የገዛ ምላሷ ሆኖ አገኘችው፤ ጮኻም ነቃች።

ከዚያም ጉልበቴን ያመኛል ትል የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን እየጎተተች የከተማውን ዳገት በሩጫ ወጥታ፣ የትርንጎን ደጅ በርግዳ ገብታ በእግሯ ላይ ወደቀችና «ልጄ፣ ይቅር በይኝ! በዓይኔ አየኋቸው! አንዱማ የወንድይፍራውን አፍንጫ ይዞ መጥቷል፣ ምስኪን!» ብላ ያየችውን ራእይ ሁሉ ነገረቻቸው። ወንድይፍራውም አፍንጫውን እየዳሰሰ «እንግዲያስ ራእዩ እውነት ነው» አለ። ትርንጎ ግን እያለቀሰች «እትዬ አትጠገብ፣ እኔ እኮ በስሟ ምያለሁ። ማን ይፈታኛል?» አለቻት፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ተነሥተው ወደ ገዳሙ ሄዱ።

ወደ ገዳሙ በር ሲቃረቡም መምሬ ዘለቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ማንም አልጠራቸውም ነበር። እርሳቸውም «ስጸልይ ሳለሁ ‘የታሰረች ልጅ በደጅ አለችና ውጣ’ የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። በዚህ ገዳም ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነች ገባኝና ወጣሁ» አሉ። ነገሩንም ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጄ ወለተ ሐና፣ የእናንተው የሁለታችሁ ከሆነ፣ በተክሊላችሁም መካከል ሌላ ካልገባ፣ የተጀመረውም ነፍስ ካልተጣለ፣ ይህ ሕመምን መታከም ነው። መድኃኒትን ከምድር ያበቀለ፣ ለሐኪምም ጥበብን የሰጠ እርሱ ነውና። ኃጢአትሽ ወደ ሐኪም መሄድሽ አይደለም፤ ሳትጠይቂ መማልሽ ነው። እግዚአብሔር ይፍታሽ!» ብለው በመስቀላቸው ባረኳት። ወደ ወይዘሮ አትጠገብም ዘወር ብለው «የአንቺ ንስሐ የአራስ ገንፎ ነው፤ ትርንጎ ስትወልድ ከአራስ ቤት ሳትወጪ ታገለግያታለሽ» አሏት፤ እርሷም መሬት ስማ ተቀበለች።

በቀጠሮውም ቀን ትርንጎ በዶክተር ሙና ፊት ቀርባ ኪኒኑን እንዳቋረጠች ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ዶክተሯም አዝና «እንግዲያው ማኅፀንዎ አልተዘጋጀም ማለት ነው፤ ለማንኛውም ልየው» ብላ በአልትራሳውንዱ አየችው። ዳግመኛም አየች፤ ባልደረባዋንም ጠርታ አሳየች፤ ማኅፀኗ አንድ ቀን እንኳ እንዳላቋረጠች ሴት ማኅፀን ተዘጋጅቶ ነበርና። ከዚያም «ይኼ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አላህ የከፈተውን እኔ አልዘጋም» ብላ ሁለቱንም በማኅፀኗ አኖረቻቸው። እናንተ የምትሰሙ ሆይ፣ ይህን ይዛችሁ መድኃኒታችሁን አትጣሉ፤ ትርንጎ ያቋረጠችው በስሕተት ነው፣ እመቤታችንም የሸፈነችላት ስሕተቷን ነው።

ወራቷም በደረሰ ጊዜ ወንድና ሴት በሰላም ወለደች፤ ወይዘሮ አትጠገብም ገንፎውን እያገነፋች፣ ቅቤውን እያፈሰሰች፣ ጠያቂውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ሕፃናቱን ታስደነግጣላችሁ» እያለች ከማንም በላይ ራሷ ትጮኽ ነበር። አርባ ቀን ሲሆን ወንዱ ሊጠመቅ ወንድይፍራውና የክርስትና አባቱ ይዘውት ገቡ፤ ትርንጎ ግን ስለ ሴቲቱ ልጇ ሰማንያ ቀኗ ገና ስላልደረሰ፣ እርሷን ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆማ ቀረች። ጆሮዋንም ወደ ውስጥ ጥላ ሳለ ቄሱ በታላቅ ድምፅ «ገብረ ማርያም» ብለው ስሙን ሲጠሩ ሰማች፤ ውኃውም ሲነካው ልጁ አምርሮ አለቀሰ፤ ያን ጊዜ ወተቷ ከጡቷ ፈስሶ ቀሚሷን አራሰው፤ እርሷም እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀችም እልል አለች።

ለወለተ ሐና የደረሰች እመቤታችን ለእናንተም ትድረስላችሁ፤ ልጅ የሌላችሁን ታቅፋችሁ ለመሳም ታብቃችሁ፣ የወለዳችሁትን ታሳድግላችሁ፣ በደጃችሁ የቆመውንም በረከት ታስገባላችሁ፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።